እህቴ የሠራችው ቁልፍ፣ እኔ የጻፍሁት ማመልከቻ

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ደብረ ታቦር ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ በአንድ ወገን ልብስ ሰፊ በሌላው ወገን ስልክ ጠጋኝ ባለበት መደዳ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ማተሚያ ይዤ ተቀምጫለሁ። የወሰን ክርክር፣ የውርስ፣ የፍቺ፣ የዝውውር ጥያቄ፣ ያልጻፍሁት የለም። ከእብናት ድረስ ጠይቀው የሚመጡ ባለጉዳዮች አሉኝ፤ «እሱ የጻፈውን ዳኛ ሳያነብ አያልፍም» ይሉልኛል። በዚህ እኮራ ነበር። «ነበር» የምለው በምክንያት ነው፤ ይህን የምጽፈውም ምክንያቱን ለመናገር ነው።

ጸሐፊ ልባል እንጂ የምተይበው እኔ አልነበርሁም። የምትተይበው ታናሽ እህቴ ናት። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ በጥሩ ውጤት ጨረሰች፤ ሥራ ግን አልተገኘም። «እስኪገኝልሽ ድረስ እኔ ጋ ሁኚ» ብዬ አስገባኋት። ያ «እስኪገኝልሽ» ዓመታት ወሰደ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በዚያች ጠባብ ክፍል እየተንጎራደድሁ እናገራለሁ፣ እሷ ትተይባለች። ከላፕቶፑ ጋር የምናያይዘው ኪቦርድ ከብዙ አገልግሎት የተነሣ የፊደሎቹ ቀለም ተልጦ አልቋል። ጣቶቿ ቁልፎቹን በቃላቸው ስለያዙ ለእሷ ምኗም አልነበረም። ለእኔ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ነበር።

አንድ ክረምት ታይፎይድ ጣላት። የእኛ ክረምት ጉሙ ሰው ሳይጠራው ቤት የሚገባበት ነው፤ መብራቱም በዚያው ሰሞን መጥፋት ይወዳል። ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል፣ ቁልፉ ግን አይታይም። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ እያበራሁ፣ በአንድ ጣት፣ «ተከሳሽ» የምትለዋን ቃል ለመጻፍ የፈጀብኝን ጊዜ ብናገር የሚያምነኝ የለም። አንድ ከገጠር የመጡ ባለጉዳይ ብዙ ታገሡኝና በመጨረሻ «ወንድሜ፣ ቤት ደርሼ ከብቶቹን አጠጥቼ ብመለስስ?» አሉኝ። ኪቦርዱን ሰደብሁት። ማታ ቤት ስገባም የታመመችውን ልጅ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ «ፊደሉን ሁሉ ልጠሽ ጨርሰሽብኝ» ብዬ ተነጫነጭሁባት። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ከተሻላት በኋላ ከሥራ መልስ ከጓዳ አትወጣም ነበር። ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት «ላንተ ነው» ትለኛለች። ተማሪዎች የሚያሰምሩበትን መስታወት የመሰለ ማስመሪያ በትንንሹ ቆርጣ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ክዳን አበጀችለት። ክዳኑን በጥቁር የጥፍር ቀለም ቀባችው። ከዚያ የአባታችንን ወስፌ ወስዳ ቀለሙን በፊደል ቅርጽ ጫረችው፤ በላይኛው ግማሽ የእኛን ፊደል፣ በታችኛው የእንግሊዝኛውን። ከቁልፉ ሥር መሐል ለመሐል ከቆርቆሮ የተቆረጠ ስስ ግድግዳ አቆመች። ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ ከተሰበሩ የእጅ ባትሪዎች የፈታቻቸውን የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አምፖሎች ተከለች፣ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ። በአማርኛ ስትጽፍ ቀዩ ብቻ ይበራና የእኛ ፊደል ብቻ ይታያል፤ እንግሊዝኛው እንደሌለ ሆኖ ይጠፋል። ወደ እንግሊዝኛ ስታዞረው ነጩ ይበራል፣ የእኛው ይጠፋል።

አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችውና የክፍላችንን በር ዘጋችው። ፊደሎቹ በጨለማው ውስጥ አንድ ባንድ ቀልተው ታዩኝ። ተቀምጬ በሁለት እጄ አንድ ሙሉ መስመር ጻፍሁ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። «አየህ፣ አሁን ያለ እኔም ትችላለህ» አለችኝ። የዚያን ዕለት ይህን ነገር እንደ ምርቃት ነበር የሰማሁት። ልትሄድ የምትፈልግ ሰው መሆኗን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

የመደዳው ሰው ሁሉ መጥቶ አየው። ልብስ ሰፊው «ይኼማ ቀላል ነው» አለ። ስልክ ጠጋኙ ደግሞ ገልብጦ አየና «እኔም አስቤው ነበር እኮ» አለ። ያን ሁሉ ዓመት አጠገባችን ተቀምጦ መቼ እንዳሰበው እግዜር ይወቅ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

አባታችን በበትራቸው መንገዱን እየነኩ መጡ። አባታችን ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ከጋፋት ማዶ ባለች ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩ። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ጽሕፈት ካዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ኪቦርዱን አንሥታ ፊታቸው ድረስ አቀረበችላቸው። አፍንጫቸው ቁልፉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆሙና «ለ» አሉ። ከዚያ «ሐ»፣ ከዚያ «መ»። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ይኼ የየኔታ ብልሃት ነው» አሉ አባታችን በመጨረሻ። መምህራቸው የተበላሸ ብራና ላይ ፊደሉን በወስፌ እየበሱ በር ላይ ይሰቅሉት ነበር አሉ። ፀሐይ በበሱት በኩል ስትገባ ፊደሉ በርቶ ይታያል፤ ሕፃናቱም በዚያ ይማራሉ። ቀዩም ቢሆን ከመጽሐፍ የመጣ ነው፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ነውና የሚጻፍ። እህቴ ሳቀችና «እኔ እንኳ እሳቸውን አላየሁም፣ አባ» አለች። እውነቷን ነበር። ያን ብራና አይታ አታውቅም፤ ወሬውንም ገና ያን ቀን መስማቷ ነበር።

ወሬው እየተወራ ሥራ ፈጠራ ቢሮ ደረሰ። ከከተማው ዳር አዲስ የተሠሩ የማምረቻ ቦታዎች ነበሩ። ኃላፊው እህቴን አስጠርቶ ኪቦርዱን ካየ በኋላ «ፈጠራው ያንቺ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ካመጣሽ አንዱን ቦታ እሰጥሻለሁ» አላት። ወረቀቱ ፓተንት የሚሉት ነው፣ የሚሰጠውም አዲስ አበባ። ያን ቀን እየሮጠች ነበር የመጣችው። «ቦታውን ካገኘሁ ሁለት ሦስት ጓደኞቼን ይዤ ይኼን እሠራለሁ። ለየጽሕፈት ቤቱ፣ ለየትምህርት ቤቱ። ላንተም የምትታዘዝህ ጸሐፊ እቀጥርልሃለሁ፣ እኔ እንደሁ አልታዘዝሁህም» አለችኝ። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ከተመረቀች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ማመልከቻውን የጻፍነው አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። እሷ የራሷን ጽፋ ጨርሳ ነበር፤ ግማሽ ገጽ። ቁልፉ ከምን እንደተሠራ፣ ግድግዳው የት እንደቆመ፣ ብርሃኑ እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ከዚህ በፊት ከነበረው በምን እንደሚለይ። አነበብሁት። ደረቀብኝ። ሰላምታ የለው፣ መግቢያ የለው፣ ልብ የሚያራራ ነገር የለው። ይኼማ የዕቃ ዝርዝር ነው አልኋት። ለአባታችንም ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።

አባታችን መደቡ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙና «የመምህሩ ስም የታለ?» አሉ።

«የየትኛው መምህር፣ አባ?» አለች እህቴ።

«ያስተማረሽ ነዋ። ሰው ነገር ሲናገር ከማን እንዳገኘው ሳይናገር ማን ይሰማዋል? እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ‹ከማን ተማርህ› ነው። ከልቤ አፈለቅሁት ያለማ ያፍራል።»

«አባ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ቅኔስ ቢሆን አዲስ አይደል የሚፈለገው?»

«ቅኔውም ቢሆን መንገዱን የሚሰጥ መምህር ነው፣ ልጄ። አልሠራሽም ማን አለሽ?»

ይህን ያሉት በክፋት አልነበረም። ከጥቂት ቀን በፊት አንዲት ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ «እናንተ ቤት ደግሞ ጠይብ ወጣላችሁ አሉ» ብላ ቀልዳ ነበር። በእኛ አገር ይቺ ቃል ቀልድ ሆና አትቀርም፤ ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው ስንት ዘመን የተሰደበባት ቃል ናት። አባታችን ለልጃቸው ፈሩ። የልጅቱ የእጅ ሥራ ከደብር የወጣ፣ መምህር ያለው፣ የተከበረ መሆኑን ትልቅ መሥሪያ ቤት በማኅተም እንዲያውቅላቸው ፈለጉ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አሉኝ። «ጻፈው።»

እኔም ጻፍሁት። ብዕሬ እንደዚያ ቀን ቀንቶት አያውቅም። የአባታችንን ስም ከነማዕረጋቸው፣ የመምህራቸውን ስም፣ የመምህራቸውንም መምህር ስም ደረደርሁ። ቀጥዬ «ይህ ፊደልን በብርሃን የማሳየትና በቀለም የመለየት ጥበብ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀና በቅብብሎሽ ለአመልካቿ የደረሰ ሲሆን፣ አመልካቿም ከኪቦርድ ጋር አገናኝታዋለች» አልሁ። ሦስት ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ማግስቱን ሱቅ ገብተን እሷ ተየበችው። እዚያች አረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ እጇን አቆመች። «ይቺ ትቅር፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ። «እንዲህ ከተባለ እኔ ምን ሠራሁ?»

«አንቺ ኤሌክትሮኒክስ ታውቂያለሽ፤ ማመልከቻ ደግሞ ለእኔ ተዪልኝ» አልኋት።

ተወችልኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ስለ እኔ መሆኑን ያን ጊዜ ማን ይንገረኝ።

አዲስ አበባ ያለው የአክስታችን ልጅ ፋይሉን አስገባልን። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አባታችን በየሳምንቱ «ወረቀቱ መጣ?» ይላሉ። ኃላፊው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቦታውን ብዙ ሊያቆየው እንደማይችል ይነግረኛል። የአክስታችን ልጅ መልሱን ተቀብሎ በፖስታ አሽጎ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠልን፤ መንገዱ ደግሞ ያን ሰሞን ተዘጋ። ኔትወርክም አልነበረም። ፖስታው ሐሙሲት አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሳምንታት ተቀምጦ፣ ጥጉ በሻይ ርሶ ደረሰን።

የከፈትሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤው ጨዋ ነበር። ከኋላው የሚበራ ቁልፍ ከዚህ በፊት በሌላ አገር ታውቋል ይላል። ፊደልን በብርሃን የማሳየቱና በቀለም የመለየቱ ጥበብ ደግሞ አመልካቿ ራሷ እንዳረጋገጠችው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሁለት የታወቁ ነገሮችን ማገናኘት በዚህ ሙያ መካከለኛ እውቀት ላለው ማንኛውም ሰው ግልጽ ስለሆነ እንደ ፈጠራ አይቆጠርም። «ከጥንት ጀምሮ የታወቀ» የምትለዋን በትእምርተ ጥቅስ አድርገዋታል። የእኔን ቃል ነው፣ እንዳለ፣ አንድ ፊደል ሳያጎድሉ።

መካከለኛ እውቀት ያለው ሰው! ያን ሰው በደብረ ታቦር ፈለግሁት። ልብስ ሰፊውን ጠየቅሁ፣ ስልክ ጠጋኙን ጠየቅሁ፣ ኮሌጅ የሚያስተምር አንድ ዘመዴን ጠየቅሁ። ለሁሉም ካዩት በኋላ ግልጽ ነው፤ ሳያዩት የሠራው ግን የለም። በዓለም የተጻፈውን ሁሉ ያነበበ፣ የማይረሳ፣ ግን አንዲት አዲስ ነገር ከእጁ የማትወጣ ሰው ካለ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ እህቴን የረታትም እሱ ነው። እንዲህ እያልሁ ለሰው ስቀልድ ሰነበትሁ። ቀልዱ ሲያልቅብኝ ግን የረታት እሱ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ለመልስ ከተሰጠን ጊዜ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። ኔትወርክ የሚገኝበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደወልሁ። ማመልከቻችንን የመረመረው ሰው ራሱ አንሥቶ በትሕትና አነጋገረኝ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ የሌላው አገር ቁልፍ ብቻ ቢሆን ትከራከሩ ነበር» አለኝ። «አንዱ ፊደል ሲበራ ሌላው የሚጠፋበት መንገድ እኔንም አስደንቆኛል። ግን እሱንም የሚነካውን ነገር እናንተው የታወቀ ነው ብላችሁ ፈርማችሁ አስገባችሁ። እኔ ምን ላድርግ?»

«እንሰርዘዋለን» አልሁት። «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ እሷ ትቅር ብላኝ ነበር።»

«ከፋይል አይወጣም። ትናንት የታወቀ ነው ብላችሁ ዛሬ አልታወቀም ብትሉ ማን ያምናችኋል?»

ለስንቱ ባለጉዳይ እኔ ራሴ እንዲህ ብዬው አውቃለሁ። «ፈርመህ ከሰጠህ በኋላ መካድ የለም» እላለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ሆኜ ተገኘሁ። ያም ሆኖ መልስ ጻፍሁ፣ ሦስት ገጽ። አልተቀበሉትም። ቦታው ብሎኬት ለሚያመርቱ ተሰጠ።

እህቴ አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ብዬ ጠብቄ ነበር። ማግስቱን ከእኔ ቀድማ መጥታ ሱቁን ከፍታ፣ አሮጌውን ኪቦርድ ላፕቶፑ ላይ ሰክታ ጠበቀችኝ። የሚበራውን ሳጥን ውስጥ አድርጋ መደርደሪያው ላይ ሰቅላዋለች። «ምን እንጻፍ?» አለችኝ። አንድ የወሰን ክርክር ነበር፤ እየተንጎራደድሁ መናገር ጀመርሁና መሐሉ ላይ አቋረጥሁ። ጣቶቿን ቁልፉ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ለአባታችን መንገር አቃተን። «ወረቀቱ መጣ?» ባሉን ቁጥር መንገዱን እናመካኛለን። አንድ ቀን፣ ገና ረፋድ ላይ፣ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ «ልጆቼ፣ ሞራው ያለው ዓይኔ ላይ ነው እንጂ ጆሮዬ ላይ አይደለም» አሉን። ያን ጊዜ ነገርኋቸው። ደብዳቤውን አነበብሁላቸው። አንድ ጊዜ ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፣ ደገምሁት።

«ያቺ የእኛ ስም ያለባት ቃል ናት?» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

በትራቸውን ከጎናቸው አስቀመጡ። ከዚያ «እንግዲያ ፋቁን» አሉ። «ብራና ላይ ቁም ጸሐፊ ቢሳሳት ይፍቃል፣ ደግሞ ይጽፍበታል። ምን ቸገራችሁ? ያን ማመልከቻ አምጡልኝ። ካራዬንም።»

የማመልከቻው ቅጂ እኛ ዘንድ ነበር። ወረቀት መሆኑን፣ ዋናው አዲስ አበባ መሆኑን፣ መፋቅ እንደማይረባ ልነግራቸው አፌን ስከፍት እህቴ በዓይኗ አስቆመችኝ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችላቸው። ብራና ይፍቁባት የነበረችውን ትንሿን ካራ ሰጠቻቸው። ጣታቸውን ይዛ የመምህራቸው መምህር ስም ላይ አኖረችው። ቀስ ብለው ፋቁ፤ እጃቸው ሥራውን አልረሳም። መምህራቸው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉና ፋቁ። ከዚያ የራሳቸውን። ወረቀት እንደ ብራና አይችልም፤ በየቦታው ተቀደደ። የወረቀቱን ብናኝ በእስትንፋሳቸው እፍ አሉት።

«ከስምሽ ኋላም አለሁ፣ አይደል?» አሏት።

«እሱስ ይቅር፣ አባ። የአባት ስም እኮ ነው።»

«አሳይኝ።»

ጣታቸውን ከላይ፣ «አመልካች» ከሚለው ፊት ለፊት አኖረችው። ከስሟ አጠገብ ያለውን የገዛ ስማቸውን ፋቁት። ብራና ሲፍቁ እንደሚያደርጉት ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፀሐዩ አነሡት፤ ዱካው ቀርቶ እንደሆነ የሚታየው በብርሃን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዳዳ ነበር። ከላይ ስሟ ብቻውን፣ ያለ ማንም፣ ቆሟል።

«ይታያል?» አሉ።

እህቴ ጎንበስ ብላ ፊቷን ከፊታቸው አጠገብ አድርጋ ወረቀቱን አየችው።

«አይታይም፣ አባ።»

«የየኔታስ?»

«የእሳቸውም አይታይም።»

«በይ እንግዲያ መልሰሽ ላኪው» አሉና ሰጧት። «አሁን ያንቺ ነው።»